የጤፍ ጭድ ወይስ የፎም ቁርጥራጭ?

በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያውቀዋል። ሁለቱንም ለመቀነስ ከሚያገለግሉ ተረፈ ምርቶች መካከል የጤፍ ጭድና ከግንባታ ቦታ የሚጣለው የፎም (የነጩ ቀላል ፖሊስታይሪን) ቁርጥራጭ ይገኙበታል።

ሙቀትን በመከላከል ፎሙ ይበልጣል፤ አብዛኛው አካሉ አየር በመሆኑ ሙቀት አስተላላፊነቱ 0.04 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ሲሆን (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሙቀት የሚያልፈው ያንሳል)፣ የታመቀ ጭድ ግን ከ0.05 እስከ 0.07 ይደርሳል። ይህ ልዩነት ጭዱን ጥቂት በማወፈር ይካካሳል።

የጭድ ዋና ጠላት እርጥበት ነው፤ ከክብደቱ 20 በመቶ በላይ ውኃ ይዞ ከቆየ ይሻግታል። ስለዚህ ጭድ የሚሞላበት ግድግዳ ከድንጋይ መሠረት በላይ መነሣት፣ ጣሪያውም እንዳያፈስ መጠበቅ ይኖርበታል። ፎም አይበሰብስም።

እሳት ሲነሣ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ፎም 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ሲቃጠልም ጥቁር መርዛማ ጭስ ያወጣል። የተበተነ ጭድ በቀላሉ ቢቀጣጠልም፣ ጠብቆ ታምቆ በሁለቱም ወገን በጭቃ ሲመረግ አየር ስለሚያጥረው እሳት ቶሎ አይዘልቀውም። ያው ጭድ ተከትፎ ከጭቃው ጋር ሲቦካ ምርጊቱን ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል፤ ይህን የጭቃ ቤት የሠራ ሁሉ በእጁ ያውቀዋል።

ጭድ የከብት መኖ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ቢሆንም ለመኖሪያ ቤት ግድግዳ ጭዱን እመርጣለሁ፤ ፎሙ ደግሞ ተፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ ከወለል በታች ቢውል ይሻላል።