ከጋሎን ተቀድቶ «የሞዴል አውሮፕላን ቀለም» ተብሎ የሚሸጠውን ጥቅል አትግዙ

ሞዴል አውሮፕላን የምትገጣጥሙ፣ በተለይም ለልጅ ወይም ለወንድም ስጦታ ብላችሁ ቀለም የምትፈልጉ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ብር አታስተላልፉ። ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር አንድ ጥቅል አለ፦ 12 ትንንሽ ብልቃጥ ቀለም፣ አንድ ጠርሙስ ቲነር፣ አንድ አንጸባራቂና አንድ ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ። «አክሪሊክ፣ በውሃ የሚታጠብ፣ ልጆችን የማይጎዳ፣ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ኦሪጅናል» ይላል ማስታወቂያው። የሻጩን ስም አልጠራም። ዛሬ አንዱ ቢዘጋ ነገ ሌላው በሌላ ስም ይከፍታል፤ ዕቃውን ራሱን ብታውቁት ይበጃችኋል።

የእህቴ ልጅ ገዝቶት ነው በእጄ የገባው። ልጁ አየር ኃይላችን በ1960ዎቹ ያበረው የነበረውን ኤፍ-86 ሳበር ተዋጊ ጄት በ1/48 መጠን (ከእውነተኛው 48 ጊዜ አንሶ) ገጣጥሞ ጨርሶ፣ የቀረው ቀለም ብቻ ነበር። ብልቃጦቹ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የከለሩን ስም ብቻ ይዟል፦ «ሲልቨር»፣ «ካኪ»፣ «ሰማያዊ»። የአምራች ስም የለም፣ የቀለም ቁጥር የለም፣ በምን እንደሚቀጥን አልተጻፈም። ክዳኑን ስከፍት የወጣው ሽታ መኪና የሚቀባበት ጋራዥ ሽታ ነው። በውሃ የሚታጠብ ቀለም እንዲህ አይሸትም።

ነገሩ የሚያናድደኝ ቀለም በከለሩ ብቻ የሚገዛ ነገር ስላልሆነ ነው። ዓይነቱ ካልታወቀ ምንም ማድረግ አይቻልም። ከታወቁት የሞዴል ቀለም አምራቾች የታሚያ ኤክስ እና ኤክስኤፍ ቀለሞች አልኮል ባለበት ማቅጠኛ የሚቀጥኑ አክሪሊክ ናቸው፤ ኤክስኤፍ የሚሉት ማት፣ ኤክስ የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው አንጸባራቂ። ቫሌሆ በውሃ የተሠራ ነው። በትንሿ 14 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ የሚመጣው ሀምብሮል ኢናሜል (ዘይት ነክ፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ) ነው፤ ሚስተር ከለር ላከር (በጠንካራ ቲነር የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ) ነው። ኢናሜል በደረቀ ላከር ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል። ላከር በኢናሜል ላይ ከተነፋ ግን የታችኛውን አንስቶ ያሸበሽበዋል። እንግዲህ ብልቃጡ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው፣ ልጁ በላዩ ምን ሊደርብበት ነው?

ወደ ሲልቨሩ ልምጣ፤ ትልቁ ማታለል እዚያ ላይ ነው። ሳበር ያለ ቀለም፣ በአልሙኒየም ገላው የሚበር አውሮፕላን ነበር። ይህን ገጽታ በሞዴል ላይ ማውጣት ከሁሉም ሥራ ከባዱ ነው። እንደ አልክላድ ያሉት የብረት ቀለሞች ለዚሁ ሲባል እጅግ ደቅቀው የተፈጩ ናቸው፤ መስታወት በመሰለ አንጸባራቂ ጥቁር ላይ በስሱ፣ ደጋግሞ እየተነፋ ነው ብረት የሚመስለው። በዚህ ጥቅል ውስጥ ያለው «ሲልቨር» ግን የግቢ በርና ቆርቆሮ የምንቀባበት ዓይነት የአልሙኒየም ቀለም ነው። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ብታዩት ቅንጣቶቹ በዓይን ይቆጠራሉ። አስቡት፤ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት በ48 ስትባዛ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። በእውነተኛ ሳበር ገላ ላይ 5 ሚሊ ሜትር የሚያህል ብልጭልጭ አልነበረም። በዚያ ላይ ወፍራም ስለሆነ፣ ልጁ ሲቀባው ክንፉ ላይ በስሱ የተቀረጹት የመገጣጠሚያ መስመሮች ተደፍነው ጠፉ። እነዚያ መስመሮች አንዴ ከተደፈኑ ቀለሙን በሙሉ ሳያነሱ አይመለሱም።

ማት ቫርኒሹም ሌላ ጉድ ነው። ማት ቀለም ውስጥ ብርሃኑን የሚሰብር በጣም ደቃቅ ዱቄት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሲሊካ ነው። ቆርቆሮው ሲቀመጥ ይህ ዱቄት ወደ ታች ይዘቅጣል። ሻጩ ትልቁን ጋሎን በደንብ ሳያማስል ወደ ትንንሽ ብልቃጥ ሲቀዳ መጀመሪያ የተቀዳው ዱቄት የለውም፤ መጨረሻ የተቀዳው ዱቄት ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው አንዱ ገዢ «ማት ብዬ ገዝቼ አበራብኝ» ሲል ሌላው «ነጭ አመድ ነፋብኝ» የሚለው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ምንም ያህል ብልቃጡን ብትነቀንቁት በውስጡ የሌለውን ዱቄት አታመጡትም።

አንጸባራቂው ቫርኒሽ ደግሞ፣ በጠረኑም በከለሩም፣ የእንጨት ዕቃ የሚቀባበት ነው። ወርቃማ መልክ አለው። እንዲህ ያለው ቫርኒሽ እየቆየ ሲሄድ ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። የአየር መንገዳችንን 787 በ1/144 ለምትሠሩ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ነጩ ገላ የሻይ ከለር ሲይዝ፣ ጭራው ላይ ያሉት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይም አብረው ይደበዝዛሉ።

ከሁሉ የከፋው ቲነሩ ነው። የሞዴል ኪት (ተቆርጦ የሚገጣጠመው የክፍሎች ስብስብ) በአብዛኛው የሚሠራው ከፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ነው፤ የመኪና ቀለም ቲነር ውስጥ በብዛት የሚገኙት አሴቶንና ቶሉይን ይህን ፕላስቲክ ያሟሙታል። ልጁ በጥጥ ነክሮ የፈሰሰ ቀለም ሊጠርግ ሞከረ፤ የክንፉ ጫፍ ለስልሶ የአውራ ጣቱ አሻራ ታተመበት። የፓይለቱ መስታወት ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። ያ በቀለም አይሸፈንም፣ በብርጭቆ ወረቀትም አይጠፋም።

ፕላስቲኩስ ይቅር፣ የልጆቹ ሳንባስ? «ለልጆች የማይጎዳ» ተብሎ የተሸጠ ነገር ነው ይህ። የመድኃኒት ቤት ማስክ የቲነር ትነትን አያቆምም፤ የሚያቆመው የኦርጋኒክ ትነት ማጣሪያ ያለው ጭምብል ነው። በተዘጋ ክፍል፣ ይልቁንም ቡና እየተፈላ ከሰል በነደደበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቀለም በኤርብረሽ (ቀለምን በአየር ግፊት በሚነፋ ትንሽ መሣሪያ) መንፋት እሳት መጥራት ነው። ወላጆች፣ ይህችን በደንብ ያዙልኝ።

«ከአሜሪካ በሻንጣ መጣ» የሚለውም አይገጥምም። ስፕሬይ ቀለምም ሆነ ተቀጣጣይ ላከርና ቲነር በመንገደኛ አውሮፕላን፣ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ፣ ክልክል ነው። የማይቀጣጠል የውሃ ቀለም ግን በሚጫነው ሻንጣ ይመጣል። እንግዲህ በውሃ የተሠራ ከሆነ ይህ ሽታ ከየት መጣ? ላከር ከሆነስ በየትኛው ሻንጣ ገባ? ሻጩን ይህንኑ ጠይቁት። እኔ ስጠይቀው መልዕክቴን አንብቦ ዘጋኝ።

ጥቅሉን አስቀድማችሁ የገዛችሁ፣ አውሮፕላናችሁን ከመንካታችሁ በፊት በኪቱ ፍሬም ላይ ሞክሩት፤ ክፍሎቹ ተቆርጠው ሲያልቁ የሚጣለው ፍሬም ከራሱ ከአውሮፕላኑ ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ የሚነግራችሁ እውነቱን ነው። ጠብታ ቀለም ውሃ ውስጥ ጣሉ፤ የውሃ አክሪሊክ ይበተናል፣ ላከርና ኢናሜል ግን ተነጥሎ ይንሳፈፋል ወይም ይጓጉላል። ከዚያ ፍሬሙን ቀብታችሁ አሳድሩትና በጥፍር ፋቁት። ፕላስቲኩ ለስልሶ ወይም ሸካራ ሆኖ ካገኛችሁት ቀለሙ ለሞዴል አይሆንም፤ ለበር ተጠቀሙበት።

ጥቅሉ ርካሽ የሚመስለው በብልቃጥ ብዛት ስለሚቆጠር ነው። በዚያው ብር የታወቀ አምራች የሠራው ሦስት ወይም አራት ቀለም ይገዛል፤ ለአንድ አውሮፕላን ደግሞ ከዚያ በላይ ብዙም አያስፈልግም። ዘመድ ከውጭ የሚመጣላችሁ ከሆነ በውሃ የተሠራውን አስመጡ፣ ስሙንና ቁጥሩን በጽሑፍ ላኩለት፤ «አረንጓዴ ቀለም» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። ለካሞፍላጅ (መደበቂያ ቀለም ለተቀባ) አውሮፕላን አንድ አንጸባራቂና አንድ ማት ቫርኒሽ የግድ ናቸው። ዲካል (ምልክትና ጽሑፍ የታተመበት ስስ ተለጣፊ) በማት ቀለም ላይ ከተለጠፈ ከሥሩ አየር ይዞ ብር የመሰለ ጭጋግ ያሳያል፤ ስለዚህ አንጸባራቂው ይቀድማል፣ ዲካሉ ይከተላል፣ ሌላ ስስ አንጸባራቂ ይደረብበታል፣ ማቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንደ ሳበር ላለ የብረት ገላ ማቱን ተዉት፤ ብረቱን ግራጫ ያደርገዋል። ኤርብረሽ ያላችሁ ቀለሙን ወተት እስኪመስል አቅጥናችሁ፣ ከ1 እስከ 1.5 ባር ባለ ግፊት፣ በስሱ ደጋግማችሁ ንፉ። ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ላከር አትንፉ፤ በእርጥብ አየር ነጭ ጭጋግ ይይዛል።

ገንዘባችሁን ለማስመለስ የምትሞክሩ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «በውሃ የሚታጠብ» የሚለውን ማስታወቂያ ሻጩ ሳያጠፋው በፎቶ አስቀሩት፣ ገንዘብ ያስተላለፋችሁበትን ደረሰኝም አብራችሁ ያዙ። ቀለሙን ወደ መታጠቢያ ቤት ቱቦ አትድፉት፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ ከእሳትና ከልጆች አርቁት። ተመሳሳይ ጥቅል የደረሳችሁ ካላችሁ የብልቃጡንና የወረቀቱን ፎቶ ከሥር ለጥፉልን፤ ሻጩ ስሙን ቢቀይርም ወረቀቱ ያጋልጠዋል።