ዳኛ ወይስ የአመክሮ ቦርድ?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 (እ.ኤ.አ.) በሚለር መዝገብ፣ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነፍስ ባጠፉ ወጣቶች ላይ አመክሮ የሌለው የዕድሜ ልክ እስራት በአስገዳጅነት መጣሉ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰነ። በ2016 ደግሞ ውሳኔው ቀድሞ ለተፈረደባቸውም እንደሚሠራ ሲያረጋግጥ፣ ክፍለ ግዛቶች ቅጣቱን በዳኛ እንደገና በማስወሰን ፋንታ ታራሚው በአመክሮ ቦርድ ፊት፣ ማለትም እስረኛ በገደብ ይፈታ እንደሆነ በሚወስነው አካል ፊት፣ እንዲቀርብ ቢፈቅዱ በቂ መሆኑን ገለጸ።

በዳኛ ፊት ታራሚው ጠበቃ ያቆማል፣ ማስረጃ ያሰማል፣ ይግባኝ ይጠይቃል፤ ይሁንና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 በጆንስ መዝገብ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ዳኛው ወጣቱ የማይታረም መሆኑን ለይቶ ማረጋገጥ ስለማይጠበቅበት፣ ያንኑ ቅጣት መልሶ ሊጥል ይችላል።

የቦርዱ መንገድ ለመንግሥት ቀላል ነው፤ ለታራሚው ግን የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የመቅረብን ዕድል እንጂ የመፈታትን መብት አይሰጠውም። በ1963 በ17 ዓመቱ የሸሪፍ (የአካባቢ ፖሊስ ኃላፊ) ምክትል የገደለው የሉዊዚያናው ሄንሪ ሞንትጎመሪ፣ የ2016ቱን መዝገብ ራሱ አሸንፎ እንኳ ቦርዱ ሁለት ጊዜ ከልክሎት የተፈታው በ2021 በ75 ዓመቱ ነው።

ያም ሆኖ የተከለከለ ሰው ተመልሶ መቅረብ ስለሚችል እኔ ቦርዱን እመርጣለሁ፤ ይህም የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት የበላይ ፍርድ ቤት በ2015 እንደወሰነው፣ ታራሚው በቦርዱ ፊት ጠበቃ ካገኘና ውሳኔው በፍርድ ቤት ከተመረመረ ነው።