ሂት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያ፦ ዕቃው እንደተባለው ነው፣ የታክስ ክሬዲቱ ግን አይደለም

በ2025 ቨርጂኒያ የሚገኘው ቤቴ ቤዝመንት ውስጥ የተገጠመው ባለ 50 ጋሎን ሂት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያ (ከአካባቢው አየር ሙቀት ወስዶ ውሃውን የሚያሞቅ ዕቃ) ሥራውን በደንብ ይሠራል። ውሃው ይሞቃል፣ የመብራት ቢሉም ቀንሷል። የሚያናድደኝ ሻጮች የሚደጋግሙት ነገር ነው፦ «ዋጋው አያስደንግጥህ፣ 2,000 ዶላሩን መንግሥት ይመልስልሃል።»

አይመልስም። ለእንዲህ ዓይነት ኃይል ቆጣቢ ዕቃ የፌዴራሉ መንግሥት እስከ 2025 መጨረሻ ይሰጠው የነበረው የታክስ ክሬዲት (ከታክስ ላይ የሚደረግ ቅናሽ) ከወጪው 30 በመቶ ነበር። 2,000 ዶላር ጣሪያው ነበር፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ወጪው 6,667 ዶላር ገደማ መሆን ነበረበት። የእኔ ደረሰኝ ዕቃው 1,900፣ የእጅ ዋጋው ከሽቦና ከቧንቧው ጋር 1,800፣ በድምሩ 3,700 ዶላር ይላል። የእጅ ዋጋ ለዚህ ዕቃ ይቆጠራል፣ እሱ ጥሩ ነው። ከዚህ ላይ ግን የመብራት ኩባንያው የሰጠው 400 ዶላር ሪቤት (የዋጋ ተመላሽ) መቀነስ አለበት። የቀረው 3,300፣ ክሬዲቱ 990 ዶላር። ከተወራው ግማሹ እንኳ አይሞላም። ሪቤቱን ሳይቀንስ በ3,700 የሚያሰላ ታክስ ሠሪ ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ ቢደርስበት ልዩነቱን ከነወለዱ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ሻጩ ፈጽሞ የማያነሳው ደግሞ ይህ ነው፦ ክሬዲቱ ያለባችሁን ታክስ ይቀንሳል እንጂ ከዚያ የተረፈው በጥሬ ገንዘብ አይሰጥም፣ ወደሚቀጥለው ዓመትም አይዞርም። ያለባችሁ ታክስ 600 ዶላር ከሆነ ከ990ው ላይ 390ው ይቃጠላል። ይህን ለማወቅ የሪፈንዱን መጠን አትዩ፤ ሪፈንድ ከደመወዝ ላይ በብዛት የተቆረጠው ገንዘብም ሊሆን ይችላል። የዓመቱ ታክስ በሚሞላበት ፎርም 1040 ላይ መስመር 18ን እዩ። እዚያ ዜሮ ካለ፣ ከዚህ ክሬዲት የምታገኙት ዜሮ ነው። ልጆች ላሉት፣ ገቢው መካከለኛ ለሆነ ቤተሰብ «2,000 ይመለስልሃል» እያሉ መሸጥ ሰውን መበደል ነው።

ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ማድረቂያና የማብሰያ ምድጃም በዚህ ክሬዲት ገብተው አያውቁም፣ ኤነርጂ ስታር የሚባለው የኃይል ቁጠባ ምልክት ቢለጠፍባቸውም። አዲስ ለተሠራ ቤትም አይሆንም። ራሱ የማይኖርበትን ቤት የሚያከራይም አይጠይቅበትም።

ከሁሉ የከፋው አሁንም በዚህ ወሬ መሸጡ ነው። ሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ክሬዲቱን ከታኅሣሥ 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚገጠም ዕቃ ዘግቶታል (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር)። የሚቆጠረው ዕቃው ተገጥሞ ሥራ የጀመረበት ቀን ነው። በታኅሣሥ ተከፍሎበት በጥር የተገጠመ አይሆንም። ዛሬ «ክሬዲት አለው» የሚላችሁን ሻጭ በጽሑፍ አድርገው በሉት።

በጊዜው ያስገጠማችሁ ግን ገንዘባችሁን አትተዉ። ፎርም 5695 ክፍል ሁለት ተሞልቶ ውጤቱ ወደ ስኬጁል 3 ይሄዳል። ለ2025 ፊደልና ቁጥር ሊቀላቀልበት የሚችል ባለ አራት ቦታ የአምራቹ መለያ ኮድ ይጠየቃል፤ ደረሰኝ ላይ ካልተጻፈ ከአምራቹ ድረ ገጽ ይገኛል። ገጣሚው የዕቃውን ሞዴል ቁጥር፣ የእጅ ዋጋውንና የተገጠመበትን ቀን ለየብቻ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ፤ «ውሃ ማሞቂያ፣ 3,700» ብቻ የሚል ደረሰኝ ጥያቄ ሲመጣ አያድንም። በ2023 ወይም በ2024 አስገጥሞ ያልጠየቀ ሰው በፎርም 1040-ኤክስ ማስተካከል ይችላል። በጊዜው ለገባ የ2023 ታክስ ቀነ ገደቡ ሚያዝያ 15 ቀን 2027 ነው።

ስለ ዕቃው፦ 240 ቮልትና 30 አምፕ ብሬከር ይፈልጋል፣ ጠብታው የሚወርድበት መውረጃም ያስፈልገዋል። ክፍሉን ያቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቆለፍበት፤ አየር ካጠረው በሂት ፓምፑ ፈንታ በኤሌክትሪክ ኤለመንቱ ማሞቅ ይጀምራል፣ ቁጠባውም እዚያው ላይ ይቀራል። ልብስ ማድረቂያ አጠገቡ ካለ ፊልተሩን ብናኝ ቶሎ ይሸፍነዋል፤ አውጥቶ ማጠብ ነው።

ዛሬም ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ፣ በሙሉ ዋጋው።