ሽጉጥ በቴክሳስና በሜሪላንድ
በቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላና መሣሪያ መያዝ በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ በአደባባይ መንቀሳቀስ ሲችል፣ በሜሪላንድ ግን አብዛኛው ገዢ ሽጉጡን ከመረከቡ በፊት የጣት አሻራ መስጠት፣ ሥልጠና መውሰድና ሰባት ቀን መጠበቅ አለበት፤ ታጥቆ ለመውጣት ደግሞ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 ታጥቆ ለመውጣት ልዩ ምክንያት የሚጠይቀውን የኒው ዮርክ ሕግ ከሻረ ወዲህ ሜሪላንድም የዚህን ፈቃድ አመልካች ልዩ ምክንያት መጠየቋን ብትተውም፣ ሥልጠናውን አላስቀረችም።

የቴክሳሱን ሕግ የሚደግፉ ሰዎች ፖሊስ እስኪደርስ ራስን መከላከል መብት ነው ይላሉ፤ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ገበሬ ይህ ክርክር በእርግጥ ክብደት አለው። እኔ ግን ወደ ሜሪላንድ አደላለሁ፤ በንዴት ወይም በተስፋ መቁረጥ ሰዓት ሽጉጥ ሊገዛ የወጣ ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላልና። ቀድሞውኑ ቤቱ ሽጉጥ ላስቀመጠ ሰው ግን ይህ የጥበቃ ጊዜ የሚፈይደው ነገር የለም።