ፕሪሲዥን ቤዝ፦ ባንድ ውስጥ ሲገባ የሚታወቅ ቤዝ

ቤዝ ጊታር ልገዛ ነው ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ፌንደር ፕሪሲዥንን ሞክር። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ዛሬም ቦታውን አልለቀቀም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አራት ክር፣ አንድ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው ማግኔታዊ ክፍል)፣ አንድ የቮልዩም፣ አንድ የቶን ማዞሪያ፣ በቃ። ፒክአፑ ከ1957 ወዲህ ለሁለት የተከፈለ ነው። ግማሹ የኢ እና የኤ ክሮችን ይይዛል፣ ሌላው የዲ እና የጂን። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ያ የሚያስጠላ የኤሌክትሪክ ጩኸት ይጠፋል፤ መድረክ ላይ መብራት አጠገብ ቆሞ የተጫወተ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቀዋል።

ድምፁ ግን ይለያል! ብቻህን ስትነካው ደረቅ ሊመስልህ ይችላል፣ ድራሙና ጊታሩ ሲገቡ ግን መሃል ላይ ቦታውን ይዞ ቁጭ ይላል፣ ማንም አይሸፍነውም፣ ቮልዩም ጨምር እያልክ ከጊታሪስቱ ጋር መጨቃጨቅም ይቀርልሃል። ፍላትዋውንድ ክር (ላዩ ለስላሳ የሆነ ክር) ጭነህ ቶኑን ትንሽ ዝቅ ስታደርገው ደግሞ ይወፍራል፣ ጣትህ ክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ፉጨትም ይቀንሳል። የአሜሪካው የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን ከእነዚያ ድንቅ የቤዝ መስመሮቹ አብዛኞቹን የተጫወተው በፕሪሲዥን፣ በፍላትዋውንድ ክር፣ በአንድ አመልካች ጣት ነው።

ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ መጫወት) ለሚያበዛ ሰው እኔ የፌንደርን ሌላ ሞዴል፣ ጃዝ ቤዝን እመርጣለሁ። ሁለት ፒክአፕ አለው፣ አንገቱም ከላይ በኩል ጠበብ ይላል። እጅህ ትንሽ ከሆነ ሁለቱንም ይዘህ ሳትሞክር አትግዛ። ሰፋ ያለ ማንገቻም አብረህ ውሰድ፣ ረጅም ልምምድ ላይ ትከሻህ ያመሰግንሃል።