የሦስት ሰርግ ቪዲዮ ላተረፈልኝ ባለሙያ

ዛሬ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ላመሰግን ነው። ሥራዬ ሰርግ መቅረጽና ማቀናበር ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት የሦስት ሰርግ ቪዲዮ በሙሉ «አልተገኘም» አለኝ። ሃርድ ዲስኩ ተሰክቷል፣ መብራቱም ይበራል። ክው ነው ያልኩት። ሰርግ እኮ ድጋሚ አይቀረጽም።

መጀመሪያ ያሳየሁት ቤት «ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» አለኝ፤ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለቱ ነው። ልቤ እምቢ አለ። አንድ ወዳጄ ወደዚህ ልጅ ላከኝ።

ልጁ መፍቻ እንኳ አላነሳም። «ጋሼ፣ ከዲስኩ በፊት ሌላ ነገር ሰክተው ነበር?» አለኝ። አዎ፣ ደንበኛ ፎቶ ያመጣበት ፍላሽ ነበር። «እንግዲያው አይስጉ፣ ዲስኩ ደህና ነው። የተቀየረው ስሙ ነው።»

ከዚያ አጠገቡ አስቀምጦ አስረዳኝ። ዊንዶውስ ለሚሰካው ዲስክ ሁሉ ፊደል ይሰጣል። ኤ እና ቢ ድሮ ፍሎፒ ለሚባለው የቀድሞ ዲስክ የተያዙ ስለነበሩ ዋናው ዲስክ እስከ ዛሬ ሲ ነው። በኋላ ለሚመጡት ክፍት ያገኘውን ፊደል ያድላል። የኔ ዲስክ ኢ ነበር። የዚያን ዕለት ፍላሹ ቀድሞ ኢን ያዘ፣ ዲስኩ ኤፍ ሆነ። ማቀናበሪያው ፕሮግራም ግን ቪዲዮዎቹን አሁንም ኢ ላይ ይፈልጋል። አለቀ፣ ችግሩ ይኸው ነበር።

ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ፊደሉን ኤም አደረገው። አዲስ የሚሰካ ነገር የሚያገኘው ከፊት ያሉትን ፊደሎች ስለሆነ ኤም ድረስ የሚመጣበት የለም። ፕሮግራሙን አዲሱን ቦታ አንዴ አሳየነው። አንድም ክሊፕ አልጎደለም!

መጠባበቂያ የማስቀምጥበት፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በሚባል ሲስተም የሚሠራ ኮምፒውተር እንዳለኝ ስነግረው ደግሞ ስቱዲዮ ድረስ መጣ። እዚያ ዲስኮቹ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚባሉት ሲስተሙ ባገኛቸው ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ስማቸው ሊለዋወጥ ይችላል። ዲስኮቹ በሚዘረዘሩበት ኤፍስታብ በሚባለው ፋይል ውስጥ በዩዩአይዲ እንዲታወቁ አደረገልኝ። ይህ ፎርማት ሲደረግ የሚሰጥ መለያ ነው፤ ገመዱን የትም ብትሰኩት አይቀየርም።

ሂሳብ ስጠይቀው «የተጠገነ ነገር እኮ የለም» ብሎ ከሰጠሁት ግማሹን መለሰልኝ። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር የገጠማችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ግን እሱ ይየው።