የተረከዜ ባለውለታ

ሰላም ጓዶች። እንዲህ ያለ ነገር መለጠፍ ብዙም አይሆንልኝም። ይሄን ሳልጽፍ ከቀረሁ ግን ይቆጨኛል። ሯጮች፣ የእሁድ ጠዋት ኳስ ተጫዋቾች፣ ጂም የምትመላለሱ፣ እግራችሁን እያመማችሁ "ይተወኛል" ብላችሁ የምታነክሱ ሁሉ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ማመስገን የፈለግኩት አንድ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ስሜን አደባባይ አታውጪብኝ ስላለኝ እዚህ አልጠራውም። አድራሻውን የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ፣ እልካለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለታላቁ ሩጫ ስዘጋጅ ከተረከዜ ትንሽ ከፍ ብሎ ያመኝ ጀመር፤ ያ ከባት ወርዶ ተረከዝ አጥንት ላይ የሚያርፈው ወፍራም ጅማት ማለት ነው፣ አኪለስ የሚሉት። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬ ድርቅ ይላል። ትንሽ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል። ሮጬ ተመልሼ ሰውነቴ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብሳል። ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ ሄጄ ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል "መርፌ እንውጋሽ" አሉኝ። ስቴሮይድ የሚባለውን እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት፣ እዛው ጅማቱ ላይ። አመስግኜ ወጣሁ። የሰፈር ሰው ደግሞ ያለው ምክር ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ ወጌሻ ጋ ሂጂ፣ ወይ ተኝተሽ እረፊ።

እሱ ጋ የደረስኩት አብራኝ የምትሮጥ ጓደኛዬ ጠቁማኝ ነው። እጁን እግሬ ላይ ሳያሳርፍ ብዙ ጠየቀኝ። እንጦጦ ዳገት መሮጥ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው፣ ርቀቱን በስንት በስንት ነው የጨመርሽው፣ ጫማ ቀይረሻል ወይ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ የምትሠሪው። ከዛ ድንገት "እህቴ፣ በቅርቡ ሲፕሮ ውጠሻል?" አለኝ። አንቲባዮቲክ ከእግሬ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ግራ ገባኝ። ለካ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ ይሄን ጅማት ሊያሳምሙት፣ አልፎ አልፎም ሊበጥሱት ይችላሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2008 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ማሸጊያው ላይ እንዲሰፍር አዟል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑና ስቴሮይድ የሚወስዱ ሰዎች ላይ አደጋው ይበልጣል። ታይፎይድ ነው በተባልን ቁጥር ሲፕሮ ለምንውጥ ለእኛ ይሄ ቀላል ወሬ አይደለም። (ሐኪም ያዘዘላችሁን ከመንገድ አቋርጡ እያልኩ አይደለም! እየወሰዳችሁ ተረከዛችሁን ካመማችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪሙ ንገሩት።) እኔ አልወሰድኩም ነበር፤ ግን እስከዛ ድረስ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ቀጥሎ በሆዴ አስተኛኝና እግሮቼን ከአልጋው ጫፍ አውጥቶ ባቴን ጨመቅ አደረገው። መርገጫዬ ወደ ታች ተንቀሳቀሰ። "ጥሩ፣ አልተበጠሰም" አለ። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ቢበጠስ ኖሮ ባቴ ሲጨመቅ እግሬ ዝም ይል ነበር። የተበጠሰባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ከኋላ በእርግጫ የመታቸው ይመስላቸዋል፣ ዞረው ሲያዩ ማንም የለም። እንደዛ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ወጌሻም ፊዚዮም ጋ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል ነው የሚኬደው።

እኔን የማረከኝ ከዛ በኋላ ያስረዳኝ ነገር ነው። ባት አንድ ጡንቻ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ናቸው። ላይ ያለውና ከውጭ የሚታየው ጋስትሮክኒሚየስ ከጉልበት በላይ፣ ከጭን አጥንት ነው የሚነሳው። ከስሩ ያለው ጠፍጣፋው ሶሊየስ ግን ከጉልበት በታች ይጀምራል። ሁለቱም ታች ሲደርሱ በዚሁ በአንድ ጅማት ተረከዝ ላይ ይያዛሉ። ስለዚህ ጉልበትሽን ቀጥ አድርገሽ በጣትሽ ስትቆሚ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ጉልበትሽን አጠፍ ስታደርጊ ደግሞ የላይኛው ይላላና ሸክሙ ሶሊየስ ላይ ይወድቃል። እሱ ያዘዘልኝ ስፖርት በሁለቱም አቋም የሚሠራው ለዚህ ነው። ይሄን ሲያስረዳኝ ወረቀት ላይ እየሳለ ነበር፤ ስዕሉ አያምርም፣ ግን ገባኝ።

ስፖርቱ ራሱ ስዊድናዊው ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን በፈረንጆቹ 1998 ያሳተመው ነው። ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶችሽ ትቆሚያለሽ፣ በጤነኛው እግር ከፍ ትያለሽ፣ ከዛ በታመመው ቀስ ብለሽ ተረከዝሽ ከደረጃው በታች እስኪሆን ትወርጃለሽ። 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ በቀጥታም በታጠፈም ጉልበት፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። የሚገርመው ደግሞ ትንሽ ቢያምሽም ቀጥይ ይላል፤ ሕመሙ ከአቅም በላይ ከሆነ ወይም በማግስቱ ጠዋት ብሶ ካደረ ነው የሚቀነሰው። ጅማት ጭራሽ ሥራ ሲፈታ ይደክማል እንጂ አይጠነክርም። በነገራችን ላይ ይሄ ለሁሉም የሚሆን አይደለም። ሕመሙ ከተረከዝ በላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ሳይሆን እዛው አጥንቱ ላይ ከሆነ፣ ከደረጃ በታች መውረዱ ጅማቱን አጥንቱ ላይ እየተጫነው ያባብሰዋልና መሬት ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ከቲክቶክ አይታችሁ እንዳትጀምሩ የምለው ለዚህ ነው።

ኃይሌም እኮ ይሄው ጅማት አስቸግሮት ነበር። ሲድኒ 2000 ኦሊምፒክ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው የአኪለስ ሕመም ይዞት ነው የሮጠው፣ ከዛ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በቀጣዩ ዓመት ኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ላይ ነሐስ አመጣ። ይሄን ለፊዚዮው ነግሬው "አንቺ ኃይሌ አይደለሽም፣ ደረጃሽ ላይ ውጪ" ብሎኛል።

እንግዲህ እኔ ካመሰገንኩት ብዬ ታናሽ ወንድሜንም ይዤው ሄድኩ። ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ወለም ብሎት፣ እግሩ በአንድ ሌሊት አብጦ አደረ። እናቴ "ወጌሻ ይሽው" አለች፣ አባቴ "ራጅ ይነሳ" አለ፣ ቤቱ ፓርላማ ሆነ። ፊዚዮው የቁርጭምጭሚቱን ሁለት ጉብታ አጥንቶች የኋላ ጠርዝና ጫፍ፣ የመርገጫውን የውጭ ጠርዝና የመሐል እግሩን አጥንት በጣቱ ጫን ጫን አደረገ፤ አጥንቱ ላይ አላመመውም። ከዛ "ተነስ ጎረምሳው፣ 4 እርምጃ ሂድ" አለው። እያነከሰ ሄደ። የኦታዋ ሕግ የሚባል ነገር አለ አሉ፣ እነዚህ ቦታዎች አጥንቱ ላይ ካላመመና ሰውዬው ያኔም ከጉዳቱ ወዲያውም 4 እርምጃ መራመድ ከቻለ ራጅ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የተጎዳው በውጭ በኩል ያለው አጥንት ከአጥንት የሚያያዘው ጅማት ነው፤ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ስለ ወጌሻ ሲጠየቅ አልተሳደበም፣ ደስ ያለኝም ይሄ ነው። "ከወጌሻ የምንማረው አለ፣ ግን ትኩስ እብጠት አይታሽም" ብሎ አበቃ። ወንድሜን ዋናውን ሥራ ያሠራው እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ነው። በአንድ እግር መቆም፣ ቀጥሎ ዓይን ጨፍኖ መቆም፣ ቀጥሎ እየዘለሉ ማረፍ። አንዴ ወለም ያለው እግር ደጋግሞ ወለም የሚለው ይሄ ስለሚዘለል ነው ብሏል። ሰፈራችን ውስጥ "እግሬ ልማድ አለበት" የሚል ሰው ሁሉ ይሄን ይስማ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሆነው እሱ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት ዘላ ስታርፍ ጉልበቷ ጧ ሲል ሰማሁት አለች፣ ወዲያውም አበጠ። ወስደናት ጉልበቷን ይዞ ቅልጥሟን ወደ ፊት ሳብ ሲያደርገው እንደ ልቡ መጣለት። ጉልበቷ ውስጥ ያለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሳይበጠስ አይቀርም አለና ለአጥንት ሐኪም ወረቀት ጽፎ፣ ኤምአርአይ እንድትነሳ ነግሮ፣ ሸኛት። ሳንቲም አልተቀበለም። "ዛሬ የእኔ ሥራ አይደለም፣ በኋላ ግን ትመጣለች" አለ። ከተማው ውስጥ በሽተኛ በየሳምንቱ እያመላለሰ ማሳጅ የሚያደርግ ሰው ሞልቶ፣ የማይችለውን አልችልም የሚል ስታገኙ ምን ትላላችሁ?

እንከን የለውም አልልም። ስልክ አያነሳም፣ መልእክት ነው የሚመልሰው። ሰዓት አያከብርም፣ የአምስት ሰዓት ቀጠሮ ማለት ስድስት ሰዓት ነው። ዋጋው ርካሽ አይደለም፣ ግን በየቀኑ አያስመጣም፤ የቤት ሥራ ሰጥቶ ይሸኛችኋል። ካልሠራችሁት ደግሞ ያውቃል፣ እንዴት እንደሚያውቅ አይገባኝም፣ ባት ጨብጦ ይናገራል። ማባበል የሚፈልግ ሰው ሌላ ጋ ይሂድ።

አሁን ዳገት እየሮጥኩ ነው፣ ጠዋትም ከአልጋዬ ስወርድ ግድግዳ አልይዝም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፣ ዘመንህ ይለምልም። ይሄን እንደምታነበው አውቃለሁ፣ ስልክህን ግን አንሳ።

ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ የምትሮጡበትን አሮጌ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሶሉ በየት በኩል እንደተበላ ማየት ይወዳል። ቁምጣም ያዙ። ጫማውን አጥባችሁ ለማምጣት አትቸገሩ፣ ጓደኛዬ አጥባ ሄዳ ስቆባታል።